ተለጣጭ የፕላስቲክ መጋጠሚያ፦ ሳያፈስና ሳይሰነጠቅ እንዲቆይ

ሁለት የፕላስቲክ ክፍሎች ተጋጥመው ውሃ ወይም አየር እንዳያሳልፉ ሲፈለግ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ጠንካራው ማጣበቂያ የትኛው ነው?» ብሎ ነው። ሥራው የሚበላሸው ከዚህ ጥያቄ ይጀምራል። ፕላስቲክ ሲሞቅ ከብረት ብዙ እጥፍ ይሰፋል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል፣ ሲጫኑት ይጎብጣል። በዚህ ሁሉ መሃል የገባ ግትር ማጣበቂያ የቱንም ያህል ቢጠነክር ወይ ራሱ ይሰነጠቃል፣ ወይ ፕላስቲኩን ይሰነጥቃል። በሱፐር ግሉ የተያያዘ ክዳን ጥቂት ጊዜ ቆይቶ ድንገት የሚለቀው ለዚህ ነው። የማያፈስ መጋጠሚያ ለመሥራት መጀመሪያ ክፍሎቹ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀሱ አስልቶ ለዚያ የሚበቃ ስፋት መተው ያስፈልጋል። የማጣበቂያው ምርጫ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ፕላስቲኩ ምንድን ነው?

ብዙ ዕቃ ከሥሩ በሦስት ቀስቶች የተከበበ ቁጥር አለው። 1 ፔት፣ 2 እና 4 ፖሊኢትሊን፣ 3 ፒቪሲ፣ 5 ፖሊፕሮፒሊን፣ 6 ፖሊስታይሪን ነው። 7 «ሌላ» ማለት ስለሆነ ብዙ አይረዳም፤ ፖሊካርቦኔትም ኤቢኤስም እዚያው ውስጥ ይጠቃለላሉ።

ቁጥር ከሌለው ከማይታይ ጠርዝ ላይ ትንሽ ፍቅፋቂ ይውሰዱና አንድ ጠብታ ሳሙና በተጨመረበት ውሃ ውስጥ ይክተቱት። አረፋማ ያልሆነ ፕላስቲክ ከተንሳፈፈ በአብዛኛው ፖሊኢትሊን ወይም ፖሊፕሮፒሊን ነው። ፒቪሲ፣ ኤቢኤስ፣ አክሪሊክና ፖሊካርቦኔት ይሰምጣሉ። ፒቪሲን ከሌሎቹ ለመለየት የመዳብ ሽቦ ነበልባሉ ቀለም መስጠት እስኪያቆም ድረስ ያግሉ፤ በጋለው ሽቦ ፕላስቲኩን ነካ አድርገው ሽቦውን መልሰው እሳት ውስጥ ያስገቡት። ነበልባሉ ደማቅ አረንጓዴ ከሆነ ፕላስቲኩ ክሎሪን አለው፤ ፒቪሲ ነው ማለት ይቻላል። ጭሱ ሳንባ ስለሚጎዳ ይህን ውጭ፣ በጣም ትንሽ ቁራጭ ብቻ ይዘው ያድርጉት።

ይህ መለየት የሥራውን መንገድ ይወስናል። ፖሊኢትሊንና ፖሊፕሮፒሊን ማጣበቂያ አይቀበሉም ማለት ይቀላል። ጠብታ ውሃ ቢያስቀምጡባቸው ተሰብስቦ ድቡልቡል ይሆናል እንጂ አይዘረጋም፤ ማጣበቂያም እንዲሁ ገጻቸውን ሳይዝ ይቀራል። ሲሊኮን ቢቀቡባቸው ሲደርቅ እንደ ክር ተስቦ ይነሳል። እነዚህ ሁለቱ የሚያያዙት በሙቀት ብየዳ ወይም በብሎን በተጨመቀ ጎማ ነው። ለእነሱ የተሠሩ ልዩ ፕራይመሮች (ከማጣበቂያው በፊት የሚቀቡ ፈሳሾች) እና አክሪሊክ ማጣበቂያዎች አሉ፤ ነገር ግን የሚሰጡት በአብዛኛው ግትር መያዣ ስለሆነ ለሚንቀሳቀስ መጋጠሚያ አይመከሩም።

ስፋቱን ማስላት

አንድ ሜትር ብረት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር 0.12 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ግትር ፒቪሲ፣ ፖሊካርቦኔትና አክሪሊክ በዚያው ልክ 0.7 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ ፖሊፕሮፒሊን ከ1 እስከ 1.5፣ ፖሊኢትሊን ደግሞ እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይረዝማሉ።

2 ሜትር ርዝመት ያለው የፖሊካርቦኔት ጣሪያ ቅጠል አንዱ ጫፉ ታስሮ ሌላው ጫፉ ክፍት ነው እንበል። ሌሊት 10 ዲግሪ፣ ቀን ፀሐይ ሲመታው 50 ዲግሪ ከደረሰ ልዩነቱ 40 ዲግሪ ነው። ክፍት ጫፉ 5.6 ሚሊ ሜትር ይሄዳል ይመጣል ማለት ነው። እንደ ሲሊኮን ያለ ክፍተት የሚሞላ ጥሩ ተለጣጭ ማሸጊያ ከተሞላበት ስፋት 25 በመቶ ያህል መለጠጥም መጨመቅም ይችላል፤ አይኤስኦ 11600 በተባለው ዓለም አቀፍ የማሸጊያዎች መለኪያ ደረጃ 25 የተባሉት እነዚህ ናቸው። ማሸጊያውን የሞሉት ሙቀቱ መካከለኛ ሲሆን፣ ወደ 30 ዲግሪ አካባቢ፣ ከሆነ እንቅስቃሴው ወደየአቅጣጫው 2.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 2.8 ለ0.25 ሲካፈል 11.2 ስለሚሆን 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ይተዋሉ። በብርዱ ወይም በሙቀቱ ጫፍ ላይ ከሞሉት ግን 5.6ቱ በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሆን ከ22 ሚሊ ሜትር በላይ ያስፈልጋል። ሰዓት መምረጥ ብቻ የክፍተቱን ስፋት በግማሽ ይቀንሳል።

ብዙ ሥራ ላይ የሚታየው 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት በሲሊኮን ተደፍኖ ነው። በስሌቱ መሠረት እንዲህ ያለው መስመር የሚችለው ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ እንቅስቃሴ ብቻ ነው፤ ለትንሽ ሣጥን ይበቃል፣ ለጣሪያ አይበቃም። ያው ቅጠል ከፖሊኢትሊን ቢሆን ደግሞ እንቅስቃሴው እስከ 16 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ በማሸጊያ የሚሠራ ነገር አይደለም።

ጥልቀቱ የስፋቱ ግማሽ ይሁን፤ ከ6 ሚሊ ሜትር አይነስ፣ ከ12ም አይብለጥ። ጥልቅ መሙላት ጥንካሬ ይመስላል፣ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። ወፍራም ማሸጊያ ለመለጠጥ እምቢ ብሎ ሙሉ ጉልበቱን የተጣበቀበት ጠርዝ ላይ ያሳርፋል፤ ከዚያ ይላጣል።

ሌላው ቁም ነገር ማሸጊያው በሁለቱ ጎኖች ብቻ መያዙ ነው። ሥሩንም ከያዘ መለጠጥ አይችልም፤ መሃሉ ላይ ይቀደዳል። ስለዚህ ክፍተቱ ውስጥ መጀመሪያ ክብ የፎም ገመድ ይገባል። ገመዱ ከክፍተቱ 25 በመቶ ያህል ይወፍር፤ ለ12 ሚሊ ሜትር ክፍተት 15 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። የፖሊኢትሊን ፎም ሲሊኮን ስለማይይዘው ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ገመድ የሚገባበት ጥልቀት ከሌለ ሥሩ ላይ ጠባብ የፖሊኢትሊን ቴፕ ይለጥፉ። ገመዱን ሲያስገቡ ስለት ባለው ነገር አይውጉት፤ ከተወጋው ፎም የሚወጣው አየር ባልደረቀው ማሸጊያ ውስጥ አረፋ ይፈጥራል።

የትኛው ማሸጊያ?

ሲደርቅ አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ሲሊኮን ለብርጭቆ ጥሩ ነው። ለፖሊካርቦኔት ግን አይሆንም፤ የሚለቀው አሲድ ውጥረት ያለበትን ፖሊካርቦኔት ሊሰነጥቀው ይችላል፣ ፒቪሲንም በደንብ አይዝም። ለፖሊካርቦኔት፣ ለአክሪሊክና ለግትር ፒቪሲ ገለልተኛ፣ ማለትም ሲደርቅ አሲድ የማይለቅ፣ ሲሊኮን ይምረጡ፤ ጠርሙሱ ላይ ፕላስቲኩ በስሙ መጠቀሱን ያረጋግጡ። ቀለም የሚቀባ ከሆነ ሲሊኮን ይቅርና ፖሊዩሬታን ወይም ኤምኤስ ፖሊመር የተባለ ማሸጊያ ይጠቀሙ፤ ሲሊኮን ቀለም አይቀበልም። ፖሊዩሬታን መፋቅን በደንብ ይችላል፣ ፀሐይን ግን እንደ ሲሊኮን አይችልም። የመጠጥ ውሃ የሚነካ መጋጠሚያ ከሆነ ለመጠጥ ውሃ የተፈቀደ መሆኑ የተጻፈበትን ብቻ።

መጠኑን አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። 12 በ6 ሚሊ ሜትር የሆነ መስመር በሜትር 72 ሚሊ ሊትር ይፈጃል፤ አንዱ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ከ4 ሜትር ትንሽ አለፍ ይላል። መስመር መሃል ላይ እንዳያልቅ አንድ ትርፍ ይያዙ።

አሠራሩ

1. ሁለቱንም ጎኖች በ180 ወይም በ240 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ያደብዝዙ። ከፋብሪካ የወጣ ፕላስቲክ ከቅርጽ ማውጫው የቀረ ቅባት ይኖረዋል፤ ማጽጃው ብቻ ሁልጊዜ አያነሳውም።

2. በሁለት ጨርቅ ያጽዱ። አንዱን በአይሶፕሮፒል አልኮል አርጥበው ይጥረጉ፤ አልኮሉ ሳይተን በሌላ ደረቅ ጨርቅ ያንሱት። በራሱ እንዲደርቅ ከተተወ ቅባቱ ተመልሶ እዚያው ይቀመጣል። ለፖሊካርቦኔት፣ ለኤቢኤስና ለአክሪሊክ አሴቶን አይጠቀሙ።

3. የፎም ገመዱን ያስገቡ፤ ጥልቀቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ያድርጉት። እንጨት ላይ 6 ሚሊ ሜትር የወጣ ጥርስ ቢሠሩ ገመዱን በእሱ እየገፉ መሄድ ይቻላል።

4. ከክፍተቱ ግራና ቀኝ የወረቀት ቴፕ ይለጥፉ።

5. የጠርሙሱን አፍንጫ ከክፍተቱ ትንሽ ጠበብ አድርገው በ45 ዲግሪ ይቁረጡ። ማሸጊያውን የሚያስወጣውን ሽጉጥ እየጎተቱ ሳይሆን እየገፉ ይሙሉ፤ ማሸጊያው ከአፍንጫው ፊት ትንሽ እየተቆለለ መሄድ አለበት። የተቆለለው ክፍል ወደ ጎኖቹ እየተጫነ ስለሚገባ ከሥሩ አየር አይቀርም።

6. በ5 ወይም በ10 ደቂቃ ውስጥ፣ ገጹ ቆዳ ሳይሠራ፣ በፕላስቲክ ማንኪያ ጀርባ ወይም ክብ ጫፍ ባለው ማለስለሻ አንድ ጊዜ ይጫኑትና ይሳቡት። ሥራው ማሳመር ብቻ አይደለም፤ ማሸጊያውን ወደ ጎኖቹ የሚያጣብቀው ይህ ግፊት ነው። በሳሙና ውሃ የተነከረ ጣት ይቅር፤ ሳሙናው ጠርዙ ሥር ከገባ እዚያ ቦታ አይዝም።

7. ቴፑን ማሸጊያው እርጥብ እንዳለ ያንሱ።

ከዚያ በኋላ መታገሥ ነው። እነዚህ ማሸጊያዎች የሚደርቁት ከአየር እርጥበት እየወሰዱ ስለሆነ ከውጭ ወደ ውስጥ በመጀመሪያው ቀን 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሄዳሉ፤ ወደ ውስጥ በገቡ ቁጥር ይዘገያሉ። አየሩ ደረቅ ወይም ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ ይብስባቸዋል። ለ6 ሚሊ ሜትር ጥልቀት አንድ ሳምንት ሳይሞላ ጭነት ወይም ግፊት አይስጡት። በእጅ ሲነካ የደረቀ መምሰሉ አያታልልዎ።

ክፍሎቹ ጎን ለጎን ሳይሆን አንዱ በሌላው ላይ የሚደረብ ከሆነ ስሌቱ ወደ ውፍረት ይዞራል። ማሸጊያው በመካከላቸው ቢያንስ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይኑረው፤ ይህን ለመጠበቅ በየ30 ሴንቲ ሜትሩ ያንኑ ውፍረት ያላቸው ትናንሽ የጎማ ቁራጮች ያስቀምጡ። በሞርሳ ጨምቆ ማሸጊያውን በሙሉ ማስወጣት በጣም የተለመደ ስሕተት ነው፤ የቀረው ስስ ሽፋን መንሸራተትን አይችልም።

በጎማ ማሸግ

የሚከፈትና የሚዘጋ ክዳን፣ ወይም ፖሊኢትሊንና ፖሊፕሮፒሊን ከሆነ፣ ጎማ ከማንኛውም ማጣበቂያ ይሻላል። ለውሃና ለፀሐይ ኢፒዲኤም፣ ለዘይትና ለነዳጅ ናይትራይል ጎማ ይምረጡ። ኢፒዲኤም የማዕድን ዘይትና ግሪስ ሲነካው ያብጣል፤ ማለስለስ ካስፈለገ የሲሊኮን ግሪስ ይቀቡት።

ድፍን ጎማ ከውፍረቱ ከ20 እስከ 30 በመቶ፣ ዝግ ቀዳዳ ያለው ፎም ጎማ ከ30 እስከ 50 በመቶ እስኪጨመቅ ያጥብቁት። ፎሙ ከዚያ በላይ ከተጨመቀ ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞ ውፍረቱ መመለስ ያቅተዋል፤ ክዳኑ ተከፍቶ ሲዘጋ ያፈሳል። ኦሪንግ፣ ማለትም ቦይ ውስጥ የሚቀመጥ የጎማ ቀለበት፣ ሲሆን ቦዩ ሙሉ በሙሉ አይሞላ፤ ጎማ ሲጨመቅ ቅርጹን ይለውጣል እንጂ መጠኑ አይቀንስም፤ ስለዚህ ከቦዩ 15 በመቶ ያህል ባዶ ይቅር።

ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከብሎኑ ነው። ፕላስቲክ በብሎን ሲታሰር ቀስ ብሎ ይሸሻል፤ ዛሬ ጥብቅ የነበረው ከጥቂት ቀን በኋላ ይላላል። ሰፊ ሮንዴላ ያድርጉ፣ የብሎኑ ቀዳዳ ውስጥ ጭነቱን የሚሸከም አጭር የብረት ቱቦ ያስገቡ። ቱቦ ከሌለ በማግሥቱ አንድ ጊዜ መልሰው ያጥብቁ። ረጅም ክፍል ከሆነ ቀዳዳዎቹ ከብሎኑ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ይስፉ፤ ትርፉ ግን በስሌቱ ከወጣው እንቅስቃሴ እንዳያንስ። ከመሃል ጀምረው ወደ ጫፍ፣ በመስቀልያ፣ በሁለት ዙር ያጥብቁ።

ከጀርባው ማጣበቂያ ያለው የጎማ ቴፕ ሲለጥፉ አይሳቡት። የተሳበ ጎማ በቀናት ውስጥ ወደ ልኩ ይመለስና ማዕዘን ላይ ክፍተት ይተዋል። ሁለቱ ጫፎች የሚገናኙት ማዕዘን ላይ ሳይሆን ቀጥ ያለው ክፍል ላይ ይሁን፤ አጋድመው ቆርጠው አንዱን በሌላው ላይ ያሳርፉ፣ ውሃ የማይተኛበትን ጎን ይምረጡ።

በሙቀት

ለስላሳ ፒቪሲ፣ ማለትም የሸራ፣ የኩሬ ንጣፍና የሚነፋ ዕቃ ቁስ፣ በማለስለሻ ኬሚካል የተሞላ ነው። ይህ ኬሚካል ወደ ተራ የጎማ ማስቲሽ ውስጥ እየገባ ያሟሟዋል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ የነበረው ጥገና በወሩ እንደ ማር የሚጣበቀው ለዚህ ነው። የሚሻለው ሙቅ አየር ነው፤ ስፌቱም እንደ ጨርቁ ይተጣጠፋል።

40 ሚሊ ሜትር ጠፍጣፋ አፍንጫ ያለው ሙቅ አየር ማሽንና የሲሊኮን ሮለር ያስፈልጋሉ። መደራረቡ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ይሁን። መጀመሪያ በቁራጭ ይሞክሩ፤ 400 ዲግሪ ገደማ ላይ ጀምረው እንደ ጨርቁ ውፍረትና እንደ እጅዎ ፍጥነት ከፍ ዝቅ ያድርጉ። በቦታው ለመያዝ በየተወሰነ ርቀት ነጥብ ነጥብ አድርገው ያያይዙት። ቀጥሎ ከኋላ በኩል ሙሉ መስመር ይበይዱና የአፍንጫው ስፋት ያህል ከፊት ክፍት ይተዉ፤ ይህ መስመር ሙቁ አየር ወደ ኋላ እንዳያመልጥ ይዘጋል። በመጨረሻ አፍንጫውን በሁለቱ ንብርብሮች መካከል አስገብተው እየጎተቱ በሌላው እጅ ሮለሩን ከአፍንጫው ኋላ ያስከትሉ፤ አየሩ ከሚወጣበት ጫፍ ርቀቱ ከ2 ወይም ከ3 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። ሮለሩ ሲዘገይ የቀለጠው ገጽ ይቀዘቅዛል።

ዓይንዎን ጠርዙ ላይ ያድርጉ። ትክክለኛ ሙቀት ሲሆን ሮለሩ ባለፈበት ሁሉ ከጠርዙ ሥር እንደ ክር ቀጭን የሆነ የቀለጠ ፒቪሲ ብቅ ይላል፣ ገጹም ትንሽ ያብረቀርቃል። ምንም ካልወጣ ቀዝቃዛ ነው። ቡናማ ከሆነ ተቃጥሏል፤ ያ ቦታ ጠንካራና ተሰባሪ ይሆናል፣ የሚወጣው ጭስም የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ስላለበት በዝግ ቤት ውስጥ አይሠራም።

ሙቅ አየር የማይገባበት ቦታ ላይ ያለ ቀዳዳ ሁለት ክፍል ያለው የፖሊዩሬታን ማጣበቂያ ይፈልጋል። ጥገናው ከቀዳዳው ጠርዝ በየአቅጣጫው 5 ሴንቲ ሜትር ይለፍ፣ ማዕዘኖቹ ክብ ይሁኑ። ሁለቱንም ገጽ በስሱ ሁለት ጊዜ ይቀቡ፤ በየመሃሉ 10 ደቂቃ ያህል ቆይተው በሮለር ይጫኑና 1 ወይም 2 ቀን ይተዉት። የናይትራይል ጓንትና ክፍት አየር የግድ ነው።

ፖሊኢትሊንና ፖሊፕሮፒሊን የሚበየዱት ከዚያው ቁስ በተሠራ ዘንግ ብቻ ነው፤ ፖሊኢትሊን በፖሊፕሮፒሊን ላይ አይያዝም። ጠርዞቹን አጋድመው እየፋቁ በድምሩ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ የሚከፈት ቦይ ያውጡ፤ ገጹን ከመበየድዎ በፊት ወዲያው ይፋቁ፣ ዘንጉንም ጭምር፤ አየር የነካው ሽፋን እንዳይያዝ ያደርጋል። የአየሩ ሙቀት ለሁለቱም 300 ዲግሪ አለፍ ይላል። በውሃ አያቀዝቅዙት።

መፈተሽና ጉድለቱን ማንበብ

በአየር ሲፈትሹ ግፊቱ እጅግ ትንሽ ይሁን። 0.1 ባር ኢምንት ይመስላል፣ ግን 30 በ30 ሴንቲ ሜትር በሆነ ክዳን ላይ 90 ኪሎ የሚያህል ጭነት ነው፤ ክዳኑን ይገለብጠዋል። 0.02 ባር ይበቃል። ውሃ ያለበት፣ እንደ «ዩ» የታጠፈ ግልጽ ቱቦ ቢያያይዙ የሁለቱ ክንዶች የውሃ ከፍታ ልዩነት 20 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ያ ነው። ከዚያ ስፌቱን ሁሉ በሳሙና ውሃ ቀብተው አረፋ የሚነሳበትን ቦታ በእርሳስ ያመልክቱ። ለብየዳ ደግሞ ከሙከራው ቁራጭ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክር ቆርጠው ሲቀዘቅዝ ይላጡት፤ ጨርቁ ራሱ ከተቀደደ ወይም ውስጡ ያለው መረብ ከታየ ደህና ነው፤ ሁለቱ ገጾች ንጹሕ ሆነው ከተለያዩ ሙቀቱን ይጨምሩ ወይም ፍጥነቱን ይቀንሱ።

ያረጀ ማሸጊያ ያፈሰሰበት ምክንያት አወዳደቁ ላይ ይነበባል። ከአንድ ጎን ንጹሕ ሆኖ ከተላጠ ጽዳቱ ወይም የፕላስቲኩ ዓይነት ነው። መሃሉ ላይ ርዝመቱን ይዞ ከተቀደደ ክፍተቱ ጠብቧል ወይም ሥሩን ይዟል። አረፋ ከበዛበት ፎሙ ተወግቷል፣ ወይም ፖሊዩሬታኑ እርጥብ ገጽ ላይ ተሞልቷል። ሳምንት አልፎት የሚጣበቅ ከሆነ ማሸጊያው ጊዜው አልፎበታል ወይም የፒቪሲ ማለስለሻ ገብቶበታል። ከስፌቱ አጠገብ ፕላስቲኩ ላይ ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች ካዩ ግን ጥፋቱ የማጽጃው ወይም የማሸጊያው ኬሚካል ነው፤ ያ ክፍል ደክሟልና ይቀየር።

ሲጠግኑ በላዩ ላይ አይደርቡ። የተጎዳውን በካተር ከሁለቱም ጫፍ ደህና ወደሆነው ክፍል 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ገብተው ይቁረጡ፣ ጫፎቹን አጋድመው ያውጡ፣ ቀሪውን እስከ ፕላስቲኩ ድረስ ፍቀው በአልኮል ያጽዱ። ከሲሊኮን በቀር በሲሊኮን ላይ የሚይዝ ነገር የለም፤ ሲሊኮኑም ቢሆን የሚይዘው አዲስ በተቆረጠና በንጹሕ ጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ የቀድሞው ምን እንደነበር ካላወቁ ሙሉውን መስመር አውጥተው ከብርጭቆ ወረቀቱ ይጀምሩ።